አየሩ ይሳሳል፣ ውሃው አይሳሳም

ጀልባ የገዛ ሰው ከጀልባው ጋር በነፃ የሚመረቅለት ነገር ምክር ነው። ሞተሯ ደከም ያለ ጀልባ የገዛ ደግሞ ምክሩ በኩንታል ይመጣለታል። ሐዋሳ ላይ፣ ፍቅር ሐይቅ ዳርቻ ቡናውን ይዞ የተቀመጠው ሁሉ፣ መሪ ጨብጦ የማያውቀው ጭምር፣ ስለ ሞተራችሁ የሚለው አለው። እኛም ሰምተን ሰምተን ምክሮቹን በሦስት ከፈልናቸው። አንደኛው "ሞተር ቀይሩ" ነው። ሁለተኛው "ሰው ቀንሱ" ነው። ሦስተኛው ደግሞ "ሞተሩ ትንሽ ከሆነ ትልቅ ፕሮፔለር ግጠሙለት፣ ውሃውን በደንብ ይዝቅላችኋል" የሚል ነው። ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ ሦስተኛው ነው። ምክንያቱም ከሦስቱ ብልህ የሚመስለው እሱ ነው፤ ከእውነት የሚርቀውም እሱ ነው።

አስቀድመን ማንነታችንን እንናገር። አምስት ጓደኛሞች ነን። ከመካከላችን ባህረኛ የለም፤ ሁለታችን የቢሮ ሠራተኞች፣ አንዳችን መምህር፣ ሁለታችን ደግሞ "ፍሪላንስ" የምትለዋን ቃል ለሥራ አጥነት ማሳመሪያ የምንጠቀም ነን። ሁለት ዓመት ሙሉ እቁብ ጣልንና አምስት ሜትር ርዝመት ያላት አሮጌ የፋይበር ጀልባ ገዛን። ከኋላዋ ባለ 40 የፈረስ ጉልበት ሞተር ተሰቅሎባታል፤ ቤንዚንና ዘይት ተደባልቆ የሚጠጣው ዓይነት። ወደዚህ የመጣችው ከባህረ ሰላጤው አገሮች ከአንዱ ነው። የቀድሞ ባለቤቶቿ የባህር ሰዎች ነበሩ፤ ፕሮፔለሯንም የመረጡላት ለባህር ነው። ይቺን ነገር ያዙልን፣ ወደኋላ እንመለስባታለን።

ችግሩ እንዲህ ነው። ሁለት ሰው ሲቀመጥባት ጀልባችን ወፍ ናት። ስድስት ሰው ሲቀመጥባት ግን አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀስራ፣ ኋላዋን ውሃ ውስጥ ቀብራ፣ ፊቷ የተከመረውን ማዕበል እየገፋች ትንፏቀቃለች። ሞተሩ ያጓራል፤ ጀልባዋ አትሄድም። በሞተር ጀልባ ቋንቋ ሁለት ዓይነት አካሄድ አለ፦ ውሃውን እየገፉ መሄድና ውሃው ላይ ወጥቶ መንሸራተት። የእኛዋ ስድስት ሰው ስትጭን ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው መሻገር አቃታት።

"ታዲያ ቀስ ብላችሁ ሂዱ፣ ሽርሽር አይደል?" ትሉን ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ ጠዋት ከሆነ። ሐይቁን የሚያውቅ ግን ከሰዓት በኋላ ያለውን ነፋስም ያውቃል። ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ጠዋት መስታወት የመሰለው ውሃ ፊቱን ያጠቁራል። ያን ጊዜ ጀልባችሁ ውስጥ የጓደኛችሁ እናትና የእህታችሁ ሁለት ልጆች ካሉ፣ ዳርቻው ደግሞ 10 ኪሎ ሜትር ከራቀ፣ ጉልበት ማለት ቅንጦት መሆኑ ይቀራል። ስለዚህ መፍትሔ እስኪገኝ ቤተሰብ ጭነን ከዳር እንዳንርቅ ተስማማን፤ የመንሳፈፊያ ጃኬትም ለእያንዳንዱ ሰው ገዛን። ነገሩን ከሥሩ ለማጥናት የተነሳነው ከዚያ በኋላ ነው።

እንግዲህ ወደ ቁም ነገሩ። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ታክሲ ተሳፍራችሁ ታውቃላችሁ? ሾፌሩ ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ሊወጣው ሲሞክር ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ይታፈናል፣ ታክሲው ወደኋላ ሊንሸራተት ይቃጣዋል። ነዳጁን እስከ ታች ቢረግጠውም ለውጥ የለም። ከዚያ ወደ አንደኛ ሲያወርደው ሞተሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይዘምራል፤ ታክሲውም ቀስ እያለ ግን ሳይቆም ይወጣል። ሞተሩ አልተቀየረም። ተሳፋሪ አልወረደም። የተቀየረው ማርሹ ብቻ ነው።

ጀልባ ግን እንዲህ የሚቀያየር ማርሽ የላትም። ወደፊት፣ ወደኋላና ዜሮ አላት፤ አለቀ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ የሚባለውን ሥራ የሚሠራው ፕሮፔለሩ ነው። ስለዚህ ፕሮፔለር መምረጥ ማለት ዕድሜ ልክ የምትነዱበትን አንድ ማርሽ መምረጥ ነው። ለደካማ ሞተር ትልቅ ፕሮፔለር መግጠም ደግሞ የታክሲውን ዳገት በአራተኛ ማርሽ እንደመጀመር ነው።

ትልቅ ማለት ምን ማለት እንደሆነም እንነጋገር። ፕሮፔለር ላይ ሁለት ቁጥሮች ተጽፈው ታገኛላችሁ። የመጀመሪያው ክንፎቹ ሲዞሩ የሚሠሩት ክብ ስፋት ነው፣ በኢንች። ሁለተኛው ፒች ይባላል። ብሎን አንድ ዙር ስታዞሩት የተወሰነ ያህል ወደ ውስጥ ይገባል አይደል? ፒችም እንደዚያው ነው፤ ፕሮፔለሩ አንድ ዙር ሲዞር በወረቀት ደረጃ ስንት ኢንች ወደፊት መሄድ እንዳለበት ይናገራል። በወረቀት ደረጃ ያልነው ውሃ እንጨት ስላልሆነ ነው። ውሃ ይሸሻል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ የሚባክን ነገር አለ። ቀላል ጀልባ በደንብ ስትንሸራተት ብክነቱ ከመቶ 10 እስከ 20 ቢሆን ጤነኛ ነው።

ፒቹ ሲበዛ ማርሹ ከፍ ይላል፤ ሲያንስ ማርሹ ይወርዳል። በልምድ የሚታወቀው ሒሳብ እንዲህ ይላል፦ ፒቹን አንድ ኢንች ብትቀንሱ ሞተሩ ነዳጅ እስከ መጨረሻ ተሰጥቶት ከ150 እስከ 200 ዙር በደቂቃ ይጨምራል። አንድ ኢንች ብትጨምሩ ያንኑ ያህል ይቀንሳል። የእያንዳንዱ ሞተር መመሪያ ደግሞ ነዳጅ እስከ መጨረሻ ሲሰጥ ዙሩ በየትና በየት መካከል መሆን እንዳለበት ይነግራችኋል። የእኛው ከ4,500 እስከ 5,500 ይላል። ከዚያ በታች ከሆነ ሞተሩ ታፍኗል ማለት ነው፤ ይሞቃል፣ ጥቀርሻ ይሰበስባል፣ ካንዴላውን ያጠቁራል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ከልኩ በላይ እየጮኸ ራሱን ይበላል።

አሁን ወደዚያች ያዙልን ወዳልናችሁ ነገር እንመለስ። ሐዋሳ ሐይቅ ከባህር ወለል በላይ 1,680 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። ሞተር የሚተነፍሰው አየር ነው፤ ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል። ግምታዊው ስሌት በየ300 ሜትሩ ከመቶ ወደ 3 የሚጠጋ ጉልበት ይጠፋል የሚል ነው። አስሉት፦ የእኛ ባለ 40 ሞተር ሐዋሳ ላይ 33 ወይም 34 ፈረስ ብቻ ይቀረዋል። ስድስቱ ፈረሶች የትም አልሄዱም፤ ባህሩ ዳር ቀርተዋል። ጣና ላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ትንሽ ይብሳል። የቢሾፍቱ ሐይቆች ከዚያም ይበልጣሉ። አርባ ምንጭ ወርዳችሁ ጫሞ ላይ ብትነዱት ግን 1,100 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ሁለት ፈረስ ያህል ይመለስላችኋል። ካርቡራተሩን ለከፍታው ማስተካከል የተወሰነውን ያስመልሳል፤ ሁሉንም ግን አይመልስም።

የነገሩ ቁልፍ እዚህ ጋ ነው፦ አየሩ ይሳሳል፣ ውሃው አይሳሳም። ፕሮፔለሩ የሚገፋው ውሃ ባህሩም ላይ ሐዋሳም ላይ ክብደቱ ያው ነው ማለት ይቻላል። ሞተሩ ጉልበቱን አጥቷል፤ ሸክሙ ግን አልቀነሰለትም። ስለዚህ ለባህር ልክ የነበረው ፕሮፔለር እኛ ጋ ሲደርስ ሳይነካ፣ ሳይቀየር ትልቅ ሆነ። ዕቃው አልተበላሸም፤ የተለካበት ቦታ ሌላ ነው። እዚህ አገር ስንት ነገር እንዲህ እንደሆነ እናንተው ጨምሩበት።

"ትንሽ ፕሮፔለር እንዴት የበለጠ ያስኬዳል?" ብሎ ጭንቅላቱን ለሚነቀንቅ ሰው የምንነግረው አንድ እውነተኛ ታሪክ አለን። ፍራንሲስ ፔቲት ስሚዝ የሚባል እንግሊዛዊ ገበሬ በ1836 እ.ኤ.አ. ጀልባ በሚዞር ብሎን ለመግፋት የፈጠራ መብት አወጣ። የሠራው ብሎን የእንጨት ነበር፤ ረዝሞ ሁለት ሙሉ ጥምዝ ያለው። በ1837 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ፓዲንግተን ቦይ ላይ ሲሞክረው ብሎኑ ከአንድ ነገር ጋር ተጋጭቶ ግማሹ ተሰበረ። ጀልባዋ ትቆማለች ሲባል ፍጥነቷ ጨመረ። ስሚዝም ከዚያ በኋላ ብሎኑን አሳጠረው። እኛ ይህን ስናነብ ከሳቃችን ቀጥሎ የመጣልን የፍቅር ሐይቅ መካሪዎቻችን ፊት ነው።

"ሞተር ቀይሩ" የሚለውን ምክር ዝም ብለን አላለፍነውም። ሁለት ነገሮች ከለከሉን። አንደኛው የታወቀ ነው፤ ገንዘቡ። ሁለተኛው ግን ገንዘብ ቢኖረንም የማይነቃነቅ ነው። ጀልባችን ላይ የተለጠፈች ትንሽ ሳህን አለች፤ የምትሸከመው ሞተር ከ40 ፈረስ እንዳይበልጥ ትናገራለች። ከዚያ የበለጠ ሞተር ክብደቱም ግፊቱም ኋላዋን ይጎዳል፤ ነፋስ ባለበት ቀን ማዕበል ከኋላ እንዲገባ ይጋብዛል። ቤተሰብ ለማዳን ብለን ቤተሰብ የሚያሰጥም ነገር ልንሰቅል አልፈለግንም። "ሰው ቀንሱ" የሚለውን ደግሞ ጀልባ የገዛነው ሰው ልንጭን ነው ብለን መለስነው።

ቀጥሎ ያለው ሥራ መለካት ነው። ሳይለኩ ፕሮፔለር መግዛት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። የካንዴላው ገመድ ላይ ሽቦ ተጠምጥሞ ዙር የሚቆጥር ትንሽ መሣሪያ አገኘን። ፍጥነቱን በስልካችን ጂፒኤስ ያዝን። ነፋሱ እንዳያታልለን በሁለቱም አቅጣጫ እየነዳን አማካዩን ወሰድን። በነበረው ባለ 13 ፒች ፕሮፔለር ሁለት ሰው ሆነን 4,500 ዙርና 37 ኪሎ ሜትር በሰዓት አገኘን። ስድስት ስንሆን ግን 3,900 ዙርና 18 ኪሎ ሜትር ብቻ። የእኛ ሞተር ሁለት ዙር ሲዞር ፕሮፔለሩ አንዴ ነው የሚዞረው፤ ስለዚህ በ3,900 ዙር በወረቀት ደረጃ 38 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ መሄድ ነበረብን። ከግማሹ በላይ ውሃ ማማሰል ላይ ቀረ። ነዳጁን የምንከፍለው ለመሄድ ሳይሆን ሐይቁን ለማማሰል ሆነ ማለት ነው።

እዚያው ዳርቻ ዕድሜያቸውን ጀልባ ሲጠግኑ የኖሩ አንድ ጋሼ አሉ። ቁጥሮቻችንን አነበብንላቸው። ወረቀቱን አላዩትም።

"ልጆች፣ ሞተሩን ሰምታችሁታል?" አሉን።

"ይጮሃል ጋሼ።"

"አይጮህም፣ ያቃስታል። የጮኸማ ይሠራል።"

ገብተው የራሳቸውን መለዋወጫ ይዘው መጡ፤ የመግጠሚያው ጥርስ ቁጥር ከእኛ ሞተር ጋር የሚገጥም፣ ፒቹ 9። ከእኛው አራት ኢንች ያነሰ። "ነገ መልሱልኝ" ብለው ሰጡን። በማግስቱ ያንኑ ስድስት ሰው ጭነን ወጣን። ጀልባዋ መጀመሪያ እንደ ልማዷ አፍንጫዋን ቀሰረች፤ ከዚያ ግን ቀስ እያለች ፊቷን አወረደችና ውሃው ላይ ወጣች። 4,750 ዙር፣ 26 ኪሎ ሜትር። 10 ኪሎ ሜትር የሚፈጀው 33 ደቂቃ ወደ 23 ወረደ። ነፋስ ከኋላ ሲመጣ አሥር ደቂቃ ምን ማለት እንደሆነ ልጅ ይዞ የተጓዘ ያውቀዋል።

እዚህ ጋ ታሪኩ በደስታ የሚያልቅ ይመስላል። የእኛ ክርክር የጀመረው ግን እዚህ ጋ ነው። ሁለት ሰው ብቻ ሆነን በዚያው ፕሮፔለር ስንነዳት 5,300 ዙር እየዞረ 32 ኪሎ ሜትር ብቻ ሄደች። ዙሩ በመመሪያው ውስጥ ነው፤ ነገር ግን ከቀድሞው 5 ኪሎ ሜትር አጥተናል። ከአምስታችን ሁለቱ ደግሞ ጀልባ የገዙት ለዚያ 37 ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሆነው ወጥተው ነፋሱ ጆሯቸው ላይ ሲያፏጭ መስማት ነው የሚፈልጉት። ሦስታችን ቤተሰብ እንጭናለን። ድምፁ ከፍ ያለ፣ አንዳንዴም የቆየ ሒሳብ የተነሳበት ክርክር ነበር። ፕሮፔለሩ አንድ ነው፤ ማርሹም አንድ ነው። ጀልባዋ የማን ናት?

የፈታው ጉልበት ሳይሆን ደብተር ነው። የነዳጅ ወጪ የምንመዘግብበት ደብተር አለን፤ ከእያንዳንዱ ጉዞ አጠገብ ስንት ሰው እንደተጫነ ተጽፏል። ቆጠርነው። ካለፉት 20 ጉዞዎች 14ቱ አራት ሰውና ከዚያ በላይ የጫኑ ነበሩ። ያ ብቻ አይደለም። ከሁለቱ ፈጣኖች አንዱ ዝም ብሎ ቆየና "ሁለት ስንሆን ያጣነው ደስታ ነው፤ ስድስት ስትሆኑ የምታጡት መመለስን ነው" አለ። ከዚያ በኋላ የሚከራከር አልነበረም። ባለ 9 ፒች እንዲሆን ወሰንን። ሁለት ሰው ቤት የሚቀየር ፕሮፔለር ለብቻ መግዛት ከፈለገ ደግሞ ፈረሱም ያው ሜዳውም ያው፤ የመቀየሩ ሥራ ጀልባዋ ዳር ላይ ሆና ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

እግረ መንገዳችንን የተማርናቸውን ትንንሽ ነገሮችም እንንገራችሁ። ባለ አራት ክንፍ ፕሮፔለር ውሃውን በደንብ ይይዛል፣ ከባድ ጭነት ይዞ ለመነሳትም ይረዳል፤ ከላይኛው ፍጥነት ግን ትንሽ ይቀንሳል፤ ዙሩንም ጥቂት ያወርዳል። እኛ ሦስት ክንፍ በቃን። የማይዝግ ብረት ያምራል፣ ይጠነክራል፣ ዋጋውም እንደ ቁንጅናው ነው። አሉሚኒየም ይረክሳል፤ ድንጋይ ሲመታ ይታጠፋል። መታጠፉ ግን አንዳንዴ በጎ ነው፤ እሱ ታጥፎ የሞተሩን ጥርሶች ያድናል። አሉሚኒየም መረጥን።

"ቶርኖ ቤት ወስዳችሁ የድሮውን ዳሩን አስቆርጡት" ያለን ሰውም ነበር። ሐሳቡ ከመሠረቱ ስህተት አይደለም፤ ስፋት ሲቀንስ ሸክም ይቀንሳል። ነገር ግን ሦስቱ ክንፎች በግራም ቢበላለጡ ፕሮፔለሩ ይንቀጠቀጣል፤ መንቀጥቀጡ ውሃ እንዳይገባ የሚከላከሉትን ጎማዎች ይበላል። ሚዛኑን የሚለካ መሣሪያ ከሌለ አትንኩት። ሌላው የሞተሩ አሰቃቀል ነው። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለችው ጠፍጣፋ ሳህን ከጀልባው ሆድ ጋር እኩል ገደማ መሆን አለባት። ሞተሩ ከፍ ብሎ ከተሰቀለ ፕሮፔለሩ ከላይ አየር ይስባል፤ ዙሩ በድንገት ይወነጨፋል፣ ጀልባዋ ግን ባለችበት ናት። ያን ጊዜ ምርጡም ፕሮፔለር አያድናችሁም። ጣና ላይ የምትነዱ ደግሞ ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ በይፋ የሚታወቀውን እምቦጭ አትርሱ። ክንፉ ላይ ሲጠመጠም ትንሹንም ሞተር ትልቁንም እኩል ያፍነዋል፤ ዙሩ ያለ ምክንያት ከወረደ መጀመሪያ አቁማችሁ፣ ሞተሩን አጥፍታችሁ እሱን ተመልከቱ።

አዲሱን ፕሮፔለር ከአምስታችን የአንዳችን አክስት ከዱባይ ሲመጡ በሻንጣቸው ይዘውልን መጡ። ከሞተር ዋጋ ጋር ሲተያይ የሚነገር ወጪ አይደለም፤ አምስት ቦታ ሲካፈል ደግሞ ከአንድ ወር እቁባችን ያንሳል። ጋሼ መለዋወጫቸውን ሲረከቡን ክንፉን በጣታቸው ዳስሰው ጉዳት እንደሌለበት ካረጋገጡ በኋላ ነው ሻይ የጠጡልን።

እንግዲህ ሐይቅ ላይ ደካማ ሞተር ይዛችሁ የምትቸገሩ ካላችሁ፣ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። የሞተራችሁን ዙር ከመመሪያው እወቁ። ዘወትር የምትጭኑትን ሰው ሁሉ ጭናችሁ፣ በምትነዱበት ሐይቅ ላይ፣ ነዳጅ እስከ መጨረሻ ሰጥታችሁ ለኩ። ከታች ከሆናችሁ ለእያንዳንዱ 200 ዙር አንድ ኢንች ፒች ቀንሱ፤ ከላይ ካለፋችሁ ጨምሩ። ከቻላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ተውሳችሁ ሞክሩ። ከዚያ ግን ቁጥሩ የማይመልሰው አንድ ጥያቄ ይቀራችኋል፦ ለማን ነው የምትመርጡት? በባዶ ጀልባ የሚገኘው ፍጥነት ለወሬ ይጥማል። ሞተር የሚመዘነው ግን ሁሉም ተሳፍሮ፣ ነፋሱ ተነስቶ፣ ፊታችሁ ወደ ቤት ሲዞር ነው።